ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ወጣት ሳለሁ ያነበብኩትንም ያየሁትንም በደብተር የመመዝገብ ልማድ ነበረኝ። ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ። ሰው ቢጠይቀኝ «ለትዝታ» እል ነበር፤ ትዝታ ምን እንደሆነ ሳላውቅ። ደብተሩ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። የአንድ ሳምንት ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፦ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ። ሐሙስ፦ የሕንድ ፊልም፣ አዳራሽ። ጥሩ ነው። ልጆቹ የማባዛት ፈተና ተፈትነዋል፤ ግማሾቹ ወድቀዋል።»

አለቀ። ስለ ጓደኛዬ እናት አንድ ቃል የለበትም። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ጓደኛዬ ታነበዋለች ብዬ ፈራሁ። ያን ሳምንት ከእሷ የምደብቀው ነገር ነበረኝ። እንዴት እንደደበቅኩትና ምን እንዳስከተለ ዛሬ ልናገር ነው። ሳልናገረው ብሞት ደብተሩ «ጥሩ ነው» እንዳለ ይቀራል።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ጥቂት ቀደም ብሎ። እኔና እሷ መርሳ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል፣ እሷ አንደኛ። ከአንዲት አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እኔ የወልድያ ልጅ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ከደላንታ ደጋ የወረደች ክርስቲያን። ሥጋ ሲሆን ድስታችን ይለያያል፤ ሌላው፣ ሳሙናውም ሻሹም ሐሜቱም የጋራ ነው። እኔ ቁጡ ነኝ፣ እሷ ሳቂታ። አንደኛ ክፍል ማስተማር የሚችለው እንደሷ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ብሆን ሕፃናቱን በሁለተኛው ቀን ወደየእናቶቻቸው እመልሳቸው ነበር።

እሷ የራሷን እናት የምታየው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከመርሳ ወልድያ ይኬዳል፣ ከወልድያ መኪና እስከሚያደርስበት በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይፈጃል። በዚያ ላይ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት አለ። ስለዚህ ናፍቆቷን በሹራብ ትወጣው ነበር። ወልድያ ገበያ ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ አንድ ትልቅ ሰማያዊ የወንድ ሹራብ ገዝታ፣ ተርትራ፣ ክሩን አጥባ፣ ለእናቷ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። በመርሳ ሙቀት ያን ሁሉ የሱፍ ክር ጭኗ ላይ ቆልላ ሲያያት የማይስቅባት አልነበረም። «የናንተ ፀሐይ እናቴ ዘንድ አይደርስም» ትላቸዋለች። «እዚያ ውርጩ አጥንት ይበላል።»

መጽሐፉ እጃችን የገባው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ መርሳ ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ከተገኘ ተራ ይያዝለታል። ይህኛው ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም ስለሌሉ ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። «ሽፋን የሌለው» ነበር የምንለው። የስፖርት መምህሩ አንብቦ ሰጠን፤ ቅዳሜ ደግሞ ውርጌሳ ላለ አንድ ጤና ረዳት መድረስ ነበረበት። ስድስት ቀን ለሁለት ሰው ስለማይበቃ ዘዴ አበጀን። ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጀንበር እስክትጠልቅ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ሹራቧን ትሠራለች። ለንባብ ጥሩ ድምፅ አለኝ ይባል ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር።

ሰኞ ዕለት በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠራኝ። «ሰው ይፈልግሻል፤ አንቺን ብቻ» አለኝ። ከግቢው ውጭ ዛፉ ሥር አጎቷ ቆመዋል። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ወልድያ ሱቅ አላቸው፣ በመጡ ቁጥር ለሁለታችንም ስኳር ይዘውልን ይመጣሉ። ያን ዕለት እጃቸው ላይ ያለው የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰጡኝ።

አጭር ነበር፤ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «እኅትህ በጠና ታማለች። ልጅቷን ፈጥናችሁ ላኩልን። በዓይኔ ልያት ትላለች።»

«ያመጣው ማነው?» አልኳቸው።

«አላየሁትም። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጥቷት ወደ ገበያው ገባ አሉ። ቢገኝስ ምን እጠይቀዋለሁ?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «ለሕመም ማን ሰው ሁለት ቀን ያስኬዳል፣ ልጄ? ሄዳለች እኅቴ። ሄዳለች።»

እኔም እንደሳቸው ነው ያነበብኩት። የኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሞት በወረቀት አይላክም። ሩቅ ላለ ልጅ «አባትህ ሞቱ» ብሎ የሚጽፍ ባለጌ የለም። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ይባላል፤ ልጁ መንገድ ላይ እያለ ልቡ ይነግረዋል፣ ቤት ሲደርስ የተሰበሰበውን ሰው ያያል። የአያቴን ሞት የሰማሁት እንዲያ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ እንጂ አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም። መልእክተኛው እስከ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ እዚያው ወልድያ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። የፈለገው ሰው አልነበረም።

«ታላቅ ወንድሟ አሰብ ነው» አሉኝ አጎቷ። «ሹፌር አይደል፣ ጭነት ይዞ ወርዷል። ቅዳሜ ይገባል። አባት የላት፣ ወንድሟ በሌለበት ብናረዳት ማን ይይዛታል? እሑድ ማለዳ አብረን መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አደራዋን ላንቺ ሰጥቻለሁ። ገበያ ብቻዋን አትውጣ፤ የደላንታ ሰው አግኝቷት አፉ እንዳያመልጠው። ደኅና አድርገሽ አብያት። ከዚያ በኋላ እህል አይወርድላትም።»

«አብሽሩ፣ አባባ» አልኳቸው። «አደራውን ተቀብያለሁ።»

ልማዱን አልረግመውም፤ ዛሬም ቢሆን። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ ወገን ከቦት፣ ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ደግነት ነው። ያን ዕለት እኔም ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ወደ ማታ እንደተነጋገርነው በረንዳው ላይ ተቀመጥን። መጽሐፉ ስለ አንድ ነጋዴ ልጅና ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ፍቅር ነው፤ ልጅቷ እናቷን ገጠር ትታ ከተማ ገብታለች። ማንበብ ጀመርኩ፤ ድምፄ ግን እየሻከረ አስቸገረኝ። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ ከክሯ ቀና ብላ። «ጉንፋን» አልኳት። ተነሥታ ሄዳ ነጭ ሽንኩርት ልጣ አመጣችልኝ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ለኔ ጉንፋን ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ቁጭ ብዬ አየኋት፣ በላሁትም።

ለአከራያችን ለአሮጊቷ መንገር ነበረብኝ፤ ካልነገርኳቸው ብቻዋን ገበያ ይልኩብኛል። ሲሰሙ «ኢና ሊላህ» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ እንቁላል በያይነቱ መምጣት ጀመረ፤ ተቀቅሎ፣ ተጠብሶ፣ በቅቤ ተለውሶ። ሥጋ እንዳይሰጧት የሙስሊም እርድ ለእሷ አይሆንም፤ ስለዚህ ያላቸውን ዶሮ ሁሉ አስጨንቀው እንቁላል አስጣሉ። «እማማ ዛሬ ምን ነካቸው?» ትለኛለች ጓደኛዬ እየሳቀች። «ሊድሩኝ ነው መሰለኝ።»

ያን ዕለት፣ ማክሰኞ፣ ከንባቡ በፊት ሹራቡን ይዛ መጣችና «ቁሚ» አለችኝ። ጀርባውና ደረቱ ተሠርቶ እጅጌው ቀርቷል።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ልለካብሽ። ትከሻሽ ቁርጥ የእናቴ ነው። እሷም እንዳንቺ ግንበኛ የሠራት ነው የምትመስል።»

እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሰማያዊውን ሱፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ከክንዴ እስከ አንጓዬ በስንዝሯ ለካች። «እናቴ ግን ትንሽ ትከሳለች» አለች፤ «አይ፣ ይሁን፣ ከሥር ነጠላ ትደርባለች» ብላ ራሷ መለሰች። ሙቀቱ ነው መሰለኝ ላብ አጠመቀኝ። አትንቀሳቀሺ አለችኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ከሞተ ሰው ልብስ ሥር የቆምኩ መስሎኝ ነበር። እናቷ ግን ያን ሰዓት በሕይወት ነበረች። 

ረቡዕ ከእንቅልፏ ስትነሣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ጥርሷ ወልቆ መዳፏ ላይ ሲወድቅ አልማለች። የጥርስ ሕልም ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቀኑን ሙሉ አስተምራ ስትመለስ ክሩን እንኳ አላነሣችም፤ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣዋን ጎትታ ልብስ መክተት ጀመረች።

«ወዴት?»

«ነገ ማለዳ እናቴ ዘንድ። ዳይሬክተሩን አስፈቅጃለሁ። ይለፉንም አሁን ሄጄ እጠይቃለሁ፤ የቀበሌው ጸሐፊ የተማሪዬ አባት ነው።»

«በሕልም ተነሥቶ ይኬዳል? ሕልም እንደ ፈቺው ነው።»

«እንኪያስ ፍቺው።»

ፈታሁላት። ጥርስ መውለቅ ከሸክም መገላገል ነው አልኳት፤ ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅ። አልሰማችኝም። ሹራቡን ሳይጨረስ እንዳለ ጠቅልላ ከላይ አስገባችና ሻንጣውን ዘጋች።  ብቻዋን ከሄደች ያን ሁለት ቀን ብቻዋን ተጉዛ፣ ብቻዋን ደርሳ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትወድቃለች። አጎቷ ምን ይሉኛል? አደራ በልቼ።

«ቀበሌው እስኪመሽ ክፍት ነው» አልኳት። «እስቲ ትንሽ ላንብብልሽ፤ ልብሽ ይረጋል። መሄዱን ነገም ትሄጃለሽ፣ መጽሐፉ ግን ቅዳሜ ያመልጥሻል።»

ቁና ቁና እየተነፈሰች መጥታ ተቀመጠች። ገለጥኩ፤ ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ የሚመጣው ታየኝ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ታመመች የሚል ወሬ ይደርሳታል። ዓይኔን ወደ ታች ወረወር አደረግኩ፤ ልጅቷ የጀመረችውን ቀሚስ ጥላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች፤ ትደርሳለች፤ እናቷም እጇን እንደያዘች ትሞታለች። ሦስት ገጽ ሙሉ። በዚያች ሰዓት እንዴት ያን ላነብላት እችላለሁ?

አላነበብኩም። የሌለ ነገር አነበብኩ። ዓይኔን ከገጹ ሳልነቅል፣ ሳላደናቅፍ፣ የደራሲውን አነጋገር እየቀዳሁ፣ «ልጅቷም ልትነሣ ስትል ጎረቤት ሌላ ወሬ ይዞ መጣ፤ እናትሽ ድናለች፣ ዛሬ ጠዋት ከላሟ ሥር ተቀምጣ ስታልብ አየኋት አላት» አልኩ። ደግሞም ጨመርኩበት። ላሟን ነጭ አደረግኳት። እናቲቱም «ልጄ ሥራዋን ትታ እንዳትመጣ» ብላ እንደላከች አነበብኩ።

ጓደኛዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። «እሰይ!» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። «የኔዋም እንዲህ ናት እኮ! ተኛች ሲሉ ትነሣለች። ብሄድ ራሱ ልጆቹን ጥለሽ መጣሽ ብላ ትቆጣኛለች። ደግሞ ሹራቡ ሳያልቅ ምን ይዤ እሄዳለሁ?» ተነሥታ ሻንጣዋን ፈታች። ሹራቡን አውጥታ እጅጌውን ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ ደግሞ፣ ሞኟ፣ በራሴ ኮራሁ። ለአሮጊቷ ሄጄ በሹክሹክታ «አስቀረኋት» አልኳቸው፤ እሳቸውም መረቁኝ።

ሐሙስ የፊልም መኪና መጣ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቀርቶ መምህሩም ገበሬውም አዳራሽ እንዲገባ ታዘዘ። መስኮቶቹን በጆንያ ሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅለው፣ በውጭ ሞተሩን አስነሡ። መጀመሪያ ስለ ትራክተር አሳዩን። ትራክተሩ ሲያርስ፣ ጓዶች ሲያጨበጭቡ፣ ትራክተሩ እንደገና ሲያርስ። ከኋላችን አንድ የሀብሩ ገበሬ «ሳር የማይበላ በሬ ማን ይሰጠናል?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ከዚያ የሕንድ ፊልም መጣ። ልብስ አጣቢ የሆነች እናት ናት። ልጇ በባቡር ሄዶባት በየቀኑ እየሄደች ባቡር ጣቢያ ትቆማለች፤ ባቡሩ ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ልጇ አይወርድም። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ገብቶታል።

ሦስተኛው ባቡር ሲመጣ ከሰኞ ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ገነፈለ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼም አልቆም አለኝ። ሌሎቹ ሴቶችም ያለቅሳሉ፤ የኔ ግን ለቅሶ ሳይሆን ሲቃ ነበር። ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝና ትከሻዬን አቀፈችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ፊልም እኮ ነው!» አለችኝ እየሳቀች፤ የራሷም ጉንጭ ርሷል። «እኔ እናቴ ሩቅ ያለችው አላለቀስኩ፣ እናትሽ ወልድያ ያለችልሽ እንዲህ ትሆኛለሽ?»

ወጥተን ስንሄድ ሽንኮራ ገዛችልኝ። እስከ ቤት ድረስ ሲቃዬን እያስመሰለች ሳቀችብኝ። ማታ ደብተሬ ላይ «ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብን ብዙም አላስታውሰውም። ፈተናውን አረምኩ፣ አነበብኩላት፣ ሁለተኛውን እጅጌ ጀመረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ምዕራፍ ደረስን። እሱንም አበጀሁት፤ እናትየዋ ድና ለልጇ ሠርግ ከተማ ወርዳ ስትጨፍር አድርጌ አነበብኩላት። «ደስ ሲል!» አለች። «መጽሐፍ እንዲህ ነው እንጂ። ሁሉን ገድሎ የሚጨርሰውን አልወደውም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሹራቡን ዘርግታ አየችው። አልቋል። ከዚያ ፀጉሯን ልትሠራ ጎረቤት ልትሄድ ስትል «ነገ ይሁን» አልኳት፤ ነገ ሹሩባው እንደሚፈርስ አውቃለሁና። መጽሐፉን የውርጌሳው ሰው መጥቶ ወሰደ።

እሑድ ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው እሷ ናት። ደጁ ላይ ወንድሟ ቆሟል፤ ከአሰብ ገና መግባቱ ነው፣ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል። ለአንዲት ቅጽበት ደስታዋን አየሁት። «ወንድሜ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ከኋላው አጎቷን፣ የትምህርት ቤቱን ሰዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አየች። የተዘረጋው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ማነው?» አለች።

«እናታችን» አላት።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ስትወድቅ ያዝናት፤ ለዚያ ነበር ሳምንት ሙሉ የጠበቅነው፣ እውነትም ያዝናት። ጥቂት ቆይታ ከወንድሟ ደረት ላይ ቀና ብላ እኔን ፈለገችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከሰኞ ጀምሮ» አልኳት። ዓይኗን ከኔ ላይ አንሥታ መሬት መሬት አየች።

የዚያኑ ዕለት ይለፍ አውጥተን ተነሣን፤ እሷ፣ ወንድሟ፣ አጎቷና እኔ። ሹራቡን ብብቷ ሥር ይዛለች። ሰኞ ሊመሽ ሲል ከእናቷ ደጅ ደረስን። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ለቅሶ ይህን ያህል ሞቅ ብሎ መቆየቱ ገርሞኝ ነበር፤ በኛ ቁጥር ከሞተች ከሳምንት በላይ ሊሆናት ነው። ልጅቷ ስትገባ አስለቃሿ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«ሐሙስ አልመጣች፣ ዓርብ አልመጣች፣
ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እናቷ ሄደች።»

ጓደኛዬ ደረቷን ትመታበት የነበረው እጇ ቆመ። ለቅሶዋም ቆመ። ሰዉ ሁሉ እያየ ወደ አስለቃሿ ተጠጋች።

«የቱ ቅዳሜ?» አለቻት።

አስለቃሿ ደነገጠች። ከጎኗ የነበሩት አሮጊት ጎረቤት ናቸው የመለሱላት። «የትናንት ወዲያው ነዋ፣ ልጄ። ዛሬ ሰልስቷ አይደል። ልጅቷን ላኩ ብለን ሰው ሰደድን፤ ወረቀቱም ደረሰ አሉን። ስትቀሪ መንገድ ዘጋባት አልን። እሷ ግን አልጋዋን ወደ በሩ አዙሩልኝ ብላ አዙረንላት፣ ዓርብ ማታ እንኳ ውሻ በጮኸ ቁጥር መጣች እንዴ ትል ነበር።»

አጎቷ እዚያው ካቡ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ወረቀቱ እውነቱን ነበር። ታማለች ያለው ታማ ስለነበር ነው፤ ልያት ትላለች ያለውም ስላለች ነው። አዋቂ የሆንነው እኛ ነን። እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ቆሜያለሁ፤ ሐሙስ ማለዳ ከመርሳ የተነሣ ሰው ዓርብ ሊመሽ ሲል እዚህ ደጅ ይደርሳል። ረቡዕ ዕለት ሻንጣዋ ተዘግቶ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ የሷን ሐዘን የማለቅስ መስሎት አጽናናኝ።

እሷ እዚያው ቀረች። የተመለሰችው ከአርባው በኋላ ነው፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ። ሳቋ ጠፍቶ ነበር፤ የአንደኛ ክፍል ልጆች እንኳ ፈሯት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ምንኛ በወደድኩ። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ሳሙናውም አንድ ነው፤ ሐሜቱ ብቻ ቀረ።

በተመለሰች በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ሻንጣዋን ከፈተችና ሰማያዊውን ሹራብ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ልበሽው» አለችኝ። «ለማንም ልሰጠው አልሆነልኝም። በአንቺ ነው የለካሁት።»

ከዚያ ከቦርሳዋ መጽሐፉን አወጣች፤ ያንኑ፣ ሽፋን የሌለውን። ከውርጌሳ ተመልሶ ነበር። የስፖርት መምህሩ ሊያጽናናት ብሎ «ልብስ ሰፊዋም እኮ እናቷ ሞታባት ኖራለች፣ በርቺ» ብሏታል። መጽሐፉን ከእጁ ተቀብላ መጣች። በረንዳው ላይ፣ በየቦታችን ተቀመጥን። ገጹን ራሷ ፈልጋ ገልጣ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«አንብቢልኝ» አለች። «እንደተጻፈው።»

አነበብኩ። ወሬው ሲደርሳት፣ ልጅቷ ቀሚሱን ጥላ ስትነሣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ፣ ስትደርስ፣ እናቷ «መጣሽልኝ?» ስትላት፣ እጇን እንደያዘች ዓይኗን ስትከድን። ሦስቱንም ገጽ አነበብኩ። በሕይወቴ ለሰው ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጨረሻው ነው። እጇ ባዶ ነበር፤ ክርም መርፌም የለ፤ መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

ስጨርስ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

«ረቡዕ ዕለት እንዲህ ብታነቢልኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «ሻንጣዬን አልፈታም ነበር።»